የሩመይሳ ዐረብኛ

ኮምቦልቻ፣ ከአሱር ሰላት በኋላ፤ የዐረብኛው መምህር ኡስታዝ ሸረፈዲን በባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ያጠፋሉ፣ በቅርቡ ከልጇ ከሩመይሳ ጋር ከዐረብ አገር የተመለሰችው ሉባባ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

ሉባባ፦ እዚያው ተወልዳ ያደገችን ልጅ ከፊደል ቆጣሪዎች ጋር? አፍንጫቸውን ገና ከማይጠርጉ ሕፃናት ጋር? ምን ነካዎት ኡስታዝ?

ኡስታዝ፦ መጀመሪያ ይግቡና ይቀመጡ።

ሉባባ፦ መቆሙ ይሻለኛል።

ኡስታዝ፦ እንግዲያው ቆመው ይስሙኝ። እዚህ ክፍል ቁርኣኑን በቃሉ የያዘ፣ ግን በዐረብኛ "ውሃ ስጡኝ" ማለት የማይችል አለ። ከአፋር የመጣች አለች፤ አማርኛዬን ራሱ በግምት ነው የምትሰማው። የመጀመሪያዋን ፊደል አሊፍን ዘንድሮ ያዩም አሉ። ሁሉንም እንደየአቅማቸው መደብኳቸው። ሩመይሳ ብትናገር ኖሮ ላይኛው ቡድን ነበረች። አልተናገረችም።

ሉባባ፦ ከእርስዎ ትበልጣለች።

ኡስታዝ፦ እሱን ማን ካደ? የመጣች ቀን ሰላምታ ስትመልስልኝ እኔ ስንት ዓመት የታገልኩት ድምፅ ከአፏ እንደ ዋዛ ወጣ። ልጆቹ ይስሟት ብዬ እኮ ነው ፊት ያወጣኋት።

ሉባባ፦ አውጥተው ምን አድርጊ አሏት?

ኡስታዝ፦ ቀላል ጨዋታ ነው። አንዱ በር ያንኳኳል፣ ሌላው ከፍቶ በዐረብኛ "ምን ፈለጉ?" ይላል። ያንኳኳው "እናትሽ አለች?" ብሎ ይጠይቃል። ይኸው ነው። ልጆቹ ይሻሙበታል።

ሉባባ፦ እሷስ?

ኡስታዝ፦ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። ንቀት መሰለኝ፤ አልዋሽዎትም፣ ተናድጃለሁ።

ሉባባ፦ ልቀመጥ።

ኡስታዝ፦ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ውሃ ላምጣልዎት?

ሉባባ፦ አይ፣ ይተዉት። እኔ ሰው ቤት ስሠራ የለቀምኩት ዐረብኛ "አምጪ፣ ውሰጂ" ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ቤታችን በር ሲንኳኳ የምትከፍተው እሷ ነበረች።

ኡስታዝ፦ እና አንድ ቀን ተንኳኳ?

ሉባባ፦ ፖሊሶች ነበሩ። "እናትሽ አለች?" አሏት። "አለች።" "አባትሽስ?" "ተኝቷል።" "መኖሪያ ፈቃድ አላቸው?" "የላቸውም።" ልጅት መዋሸት አታውቅ። ጎበዝ ብለው ራሷን ዳበሱላት።

ኡስታዝ፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ።

ሉባባ፦ እኛን በአውሮፕላን አሳፍረው ወደ አገራችን መለሱን። አባቷ እዚያው እስር ቤት ቀረ።

ኡስታዝ፦ ይህን ያህል ነገር ይዘው እንዴት አይነግሩኝም?

ሉባባ፦ ምን ብዬ? አሁን እንኳ ስነግርዎት የሌላ ሰው ወሬ የማወራ ነው የሚመስለኝ። እንባው ራሱ የለም። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ይመሻል።

ኡስታዝ፦ ልጅቱስ ለእርስዎ ምንም አትልም?

ሉባባ፦ ከትናንት ወዲያ ፀጉሯን ስሠራት፣ "ዐረብኛውን ከረሳሁት አባዬን ይለቁታል?" አለችኝ።

ኡስታዝ፦ በቃ። ያን ጨዋታ ትቼዋለሁ። ከነገ ጀምሮ ላይኛው ቡድን ትግባ። ዝም ብላ ዓመቱን ብትጨርስም ትግባ።

ሉባባ፦ የክፍሉ ነገር ይቅር። የፈለጉበት ያስቀምጧት።

ኡስታዝ፦ ታዲያ ለእሱ አይደል እንዴ የመጡት? ምን ላድርግልዎት?

ሉባባ፦ "ጥፋትሽ አይደለም" ብያት ብያት ደክሞኛል። እኔ በአማርኛ ስላት ማባበል ይመስላታል። እርስዎ በዐረብኛ ይንገሩልኝ።