ወራሽ የሌለበት ሜዳ

ሙጃ ገበያ ዳር ተቀምጬ ስልኬ ላይ የፈረስ ግልቢያ ቪዲዮ ሳይ፣ የቦታ ሽያጭ ማስታወቂያ መጣብኝ። ፎቶውን እንዳየሁ ክው አልኩ። ላሊበላ ዳር ያለው ሜዳችን ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና አባባ ለጥምቀት ግልቢያ ፈረሳቸውን ይገሩበት የነበረው! ደወልኩ። ያነሳው ታናሽ ወንድሜ ካሳው ነው። ቁጥሬ አዲስ ስለሆነ አላወቀኝም።

«ወራሽ ነኝ ባይ አይመጣብኝም?» አልኩት ሆን ብዬ ድምፄን ለውጬ።

«ኧረ ወንድሜ፣ አይስጉ! አንድ ታላቅ ወንድም ነበረኝ፤ እሱም ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር።»

«ካሳው፣ እኔ እኮ ነኝ» አልኩት።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ለአንተማ እቀንስልሃለሁ» አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እኔ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።