የሉካንዳውን ውሻ ማን መረዘው?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእህቴን ድመት ለማስከተብ በቅርጫት ይዤ፣ በእንስሳት ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ በሩ በእግር ተገፍቶ ተከፈተና የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ገቡ። በሩን በእጃቸው ያልከፈቱት እጃቸው ስላልተረፈ ነበር። ውሻቸውን በሥራ ሽርጣቸው ጠቅልለው ታቅፈውታል።

እኚህን ሰው ሰፈሩ «ጋሼ ሚዛን» ይላቸዋል። ሥጋ ሲመዝኑ የሚዛኑ መርፌ እስኪቆም ድረስ ትንፋሻቸውን ስለሚይዙ የወጣላቸው ስም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሸጡ «ጎደለብኝ» ያላቸው ሰው የለም። በሰው ላይ ያላቸው እምነት ግን እንደ መርፌው ቶሎ አይረጋም። ውሻው ደግሞ «ደንበኛ» ይባላል፤ በየማለዳው ከገዢ ሁሉ ቀድሞ ደጃፋቸው ላይ ስለሚገኝ ራሳቸው ናቸው ያወጡለት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት ከእሳቸው ሌላ የሚተነፍስ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

«ደህና አደሩ ጋሼ፤ ደንበኛን ምን ነካው?» አልኳቸው።

ግራና ቀኝ ገላመጡ። ከእኔና ከድመቷ በቀር ማንም አልነበረም። ድመቷንም ለአፍታ በጥርጣሬ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መረዙብኝ፣ መምህር።»

«ማን?»

«ግድግዳ የሚጋራኝ ነዋ! ልብስ ሰፊው። ከሦስት ወር በፊት ‹የውሻህ ጩኸት ሥራ አላሠራ አለኝ› ብሎኝ ነበር። ትናንት ደግሞ በሩ ላይ አመድ ሲበትን አየሁት። አመድ ለምን ይበተናል? የመርዝ ዱካ ለመሸፈን ነው እንጂ!»

«የመረዘ ሰው ዱካውን በገዛ በሩ ላይ ይተዋል ብለው ነው?»

«ብልጥ አይደል? እንዲህ እንድንል ብሎ ነው።»

ጥርጣሬ የገባበት ሰው ማስረጃ አያጣም፤ ያጣ ዕለትም ማጣቱን ራሱን ማስረጃ ያደርገዋል።

ተራቸው ሲደርስ «ምስክር ይሁኑኝ» ብለው እኔንም ከነቅርጫቴ ይዘውኝ ገቡ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከትምህርት ቤት ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ውሻውን ጠረጴዛው ላይ ስታቆመው፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ዝቅ፣ የኋላውን ከፍ አደረገና በዚያው ቀረ። ሆዱን በጣቷ ስትነካው አቃሰተ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሆነው፣ አባባ?»

«ከትናንት ወዲያ። አራት ጊዜ አስመለሰው። ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። አቅም እንዲያገኝ ብዬ ሞራ አቅልጬ ባጠጣው እሱንም መለሰው።»

የሐኪሟ እጅ ባለበት ቆመ። «ሞራ?»

«ንጹሕ የኩላሊት ሞራ፣ ልጄ! ለሰው የማልሸጠውን።»

«ሳይታመምስ ምን ይበላል?»

«ምን ይጎድልበታል? ከኔ ጉሮሮ ነጥዬ ነው የማበላው። ጠዋት የጮማ ቁራጭ፣ ቀን ቅልጥም፣ ማታ የተረፈውን። ጎኑን እይው እስቲ፤ የማን ውሻ እንዲህ ይወፍራል?»

ደም ወሰደች፤ በአልትራሳውንድም ሆዱን አየች። ውጤቱን ስንጠብቅ ጋሼ ሚዛን ሦስት ጊዜ ተነሥተው በበሩ ሽንቁር አዩ። መጨረሻ ላይ ጠራችን።

«አባባ፣ የመርዝ ምልክት አላገኘሁም። ቆሽቱ ነው የተቆጣው።»

«ቆሽት? የሱን እንጃ፤ የኔ ግን ከትናንት ጀምሮ አሯል። በይ መርዝ ነው ብለሽ ወረቀት ጻፊልኝና ሰውየውን ላስጠይቀው።»

«ያላየሁትን አልጽፍም።»

«ልብስ ሰፊው ዘመድሽ ነው?»

«አላውቃቸውም።»

«ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው።»

ልጅቷ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። «ቆሽትን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ከብት ታርዶ ሲከፈት፣ ከሆድ ዕቃው ቶሎ የሚበላሸው የቱ ነው?»

«እሱው ነዋ። ሳይውል ሳያድር ይላሽቃል፤ እጅ ላይ ይሟሟል። አባቴ ‹መጀመሪያ እሱን አውጣ› ይለኝ ነበር።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«ተፈጥሮው ነው።»

«ተፈጥሮው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። ፈሳሹ ወደ አንጀት ወርዶ ጮማውንም ሥጋውንም ይፈጫል። ሲታመም ግን እዚያው ቆሽቱ ውስጥ ሥራ ይጀምርና ራሱን ቆሽቱን መፍጨት ይይዛል። የታረደ ከብት ላይ የሚያዩት ነገር፣ ደንበኛ ሆድ ውስጥ በቁሙ እየሆነ ነው።»

ጋሼ ሚዛን የራሳቸውን እጅ አዩ፤ ያን የሚሟሟ ነገር በጣቶቻቸው መካከል ያገኙት ይመስል ነበር። ወዲያው ግን ቀና አሉ።

«እና ጮማ ነው ያሳመመው ልትይኝ ነው? በዚሁ ጮማ አይደል እንዴ ስድስት ዓመት የኖረው?»

«የዚህ በሽታ ምክንያት ሁልጊዜ አይታወቅም። ተጠርጣሪ ፈልጊ ካሉኝ ግን፣ ውፍረትና ጮማ ከሰፊው ቀድመው ይሰለፋሉ።»

ደንበኛ ሁለት ሌሊት እዚያው አደረ፤ ጉሉኮስ ተሰካለት፣ ማስታወኩን የሚያቆምና ሕመሙን የሚያስታግስ መርፌ ተወጋ። ማስመለሱ ሲቆም ልጅቷ ትንሽ ትንሽ ምግብ ታቀምሰው ጀመር። ሊወስዱት በመጡ ቀን እኔም አብሬያቸው ነበርኩ፤ ድመቷ የለችም፣ ምስክርነቱ ግን አልቀረልኝም።

«የተቀቀለ ሩዝና ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት» አለች ሐኪሟ። «ዘይት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ጨው የለም። በቀን አምስት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። ውሃ ከፊቱ አይጥፋ፤ መድኃኒቱም ሰዓቱን ይጠብቅ። ሲጠነክር ስብ የሌለው የውሻ ምግብ እንመርጥለታለን። አሁን ግን ከሥጋ ቤቱ አንዲት ጮማ እንዳትደርሰው።»

«ዶሮ!» አሉ ጋሼ ሚዛን ወደ እኔ ዞረው። «ሰሙ፣ መምህር? ሉካንዳ ተቀምጦ ዶሮ! ይኼን ገዢዎቼ ቢሰሙ ‹ሥጋህ ምን ቢሆን ነው ውሻህ የጠላው?› አይሉኝም? አይ ልጄ፣ ይኼ ሕክምና ሳይሆን ረሃብ ነው።»

«ሰው ሚዛን ይልዎት የለ? እየመዘኑ ይስጡታ።»

ይህች ቃል የገባቻቸው ይመስላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩዙን በግራም መዝነው ሲያበስሉ፣ ከዶሮው ደረት ላይ ስቡን በቢላ ጫፍ እየለቀሙ ሲያወጡ አይቻለሁ። ደንበኛም ዓይኑ በራ፤ ጅራቱ ተንቀሳቀሰ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ከቀትር በኋላ የቤቴ በር ተደበደበ።

«ይልበሱና እንውጣ፣ መምህር። ፖሊስ ጣቢያ!»

«ምን ተገኘ?»

«አገረሸበት። ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ አስመለሰ። የሰፊው በርም ላይ ያው አመድ! ከዚህ እጅ አንዲት ጮማ ወጥታ ከሆነ እጄ ይቆረጥ። እኔ ካልሰጠሁት ማን ሰጠው?»

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት የእኔም ልብ ወደ ሰፊው አዘነበለ። የጋሼ ሚዛንን ቃል እንደ ሚዛናቸው አምነዋለሁ፤ አልሰጠሁም ካሉ አልሰጡም። ባለፈው ወር ሱሪዬን ያጠበበልኝ ሰው ፊት ትዝ ሲለኝ ጭምር ክፉ መስሎ ታየኝ። ቢሆንም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሠላሳ ዓመት ግድግዳ የተጋራን ሰው በመርዝ ከከሰሱት፣ ክሱ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ግድግዳው ዳግመኛ ግድግዳ አይሆንም።

«መጀመሪያ ደንበኛን እናሳክም» አልኳቸው። «ሦስት ቀን ይስጡኝ። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

እያጉረመረሙ ተስማሙ። ሐኪሟ ውሻውን ተቀበለች፤ ሕመሙ ካለፈው ቀለል ያለ ነበር። ምን እንደበላ፣ ማን እንደሰጠው፣ የት እንደሚተኛ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው፤ የሚያጠራጥር ነገር አላገኘችም። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሻውን በማሰሪያ ይዛ ራሷ ወደ ሱቁ መጣች፤ እኔም የሦስት ቀኑን ቀጠሮ አክብሬ እዚያው ነበርኩ።

«እኔ የለሁም ብለው ያስቡና ሥራዎን ይሥሩ» አለቻቸው። «የሁልጊዜውን። ምንም አይቀይሩ።»

«ልትሰልይኝ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ከመገረማቸው የተነሣ ሳቁ። ጥግ ላይ በርጩማ ሰጧትና የመጨረሻውን ገዢ ሸኙ። መንጠቆዎቹን አወረዱ፣ ቢላዎቹን አጠቡ፣ ሳሉ፣ በጨርቅ ወለወሉ። ቀጥሎ ሥጋ የሚቆርጡበትን ወፍራም ግንድ በብረት መፋቂያ ፋቁት። ቀኑን ሙሉ እንጨቱ ውስጥ የገባው ስብ እንደ ሊጥ ሆኖ ወደ ጠርዙ ተሰበሰበ። እሳቸውም እዚያው ትተውት በሩን ሊዘጉ ዞሩ። ወዲያው ደንበኛ ማንም ሳይጠራው ብድግ አለ፤ የፊት እግሮቹን ግንዱ ላይ ሰቀለ፤ ምላሱን አወጣ።

ሐኪሟ ማሰሪያውን ያዝ አደረገችው። «አባባ! ምን እያደረገ ነው?»

«ግንዱን ሊያጸዳ ነዋ።»

«ሁልጊዜ?»

«በየማታው። በአባቴም ጊዜ ውሻ ነበር የሚያጸዳው። ውሃ ግንድ ይሰነጥቃል፤ የውሻ ምላስ ግን ከብሩሽ ይበልጣል።»

«በእነዚያ ሁለት ሳምንታትስ?»

«እሱ ሥራ አያስተጓጉል። ከክሊኒክ የተመለሰ ዕለት ማታውኑ ነው የጀመረ።»

«አንዲት ጮማ አልሰጠሁትም ብለው ምለውልን ነበር።»

«ሰጠሁት እንዴ? ግንድ መላስ መብላት ነው? ሥራ ነው እንጂ!» ድምፃቸው ግን ወደ መጨረሻው ቀጠነ።

ልጅቷ የስቡን ሊጥ በመፋቂያው ሰብስባ ወረቀት ላይ አደረገችው። «ሚዛን ላይ ላውጣው?»

«ቆሻሻ ሚዛኔ ላይ አይወጣም!»

«ደንበኛ ሆድ ውስጥ ግን ይገባል።»

ጋሼ ሚዛን ወረቀቱን ከእጇ ተቀበሉ። ራሳቸው አስቀመጡት፤ እንደ ልማዳቸውም ትንፋሻቸውን ያዙ። መርፌው ተወዛወዘና ስልሳ ግራም ላይ ቆመ። እሳቸው ግን ትንፋሻቸውን አልለቀቁም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ስልሳን በአሥራ አራት ማታ እያባዙ ነበር።

«ወደ ኪሎ ሊጠጋ» አሉ በመጨረሻ። «ከዶሮው ላይ በቢላ ጫፍ እየለቀምኩ… እሱ ማታ ማታ እየላሰ በሁለት ሳምንት ወደ ኪሎ ሊጠጋ።» ደንበኛን አዩት። እሱም እስከ ዛሬ ተከልክሎ ስለማያውቅ ግንዱንና እሳቸውን እያፈራረቀ ያያል። «እኔ ነኛ መራዡ።»

«መራዥማ ክፋት ያለበት ነው፣ አባባ። የእርስዎ ልማድ ነው። ልማድ ከዓይን የሚሰወረው ደግሞ ሁልጊዜ እፊታችን ስላለ ነው።»

ሽርጣቸውን ፈትተው ወጡ። ተከተልኳቸው። ሰፊው መኪናው ላይ አጎንብሶ ኮሌታ ይሰፋ ነበር።

«ጎረቤት፣ አመዱ ምንድን ነው?»

«የቱ አመድ?»

«በርህ ላይ የምትበትነው።»

«አሃ፣ እሱ? ውሻህ ሲያስመልሰው እኔ በር ላይ እየመጣ ነው። ልብስ ሊለካ የመጣ ሰው እንዳይረግጠው አመድ እጥልበትና እጠርገዋለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ጩኸቱ ብነግርህ ሦስት ወር ሰላምታ ነሣኸኝ። ይኼን ብጨምርልህማ ሬሳዬን አልፈህ ልትሄድ ነው።»

«በነገው ዕለት ልከስህ ነበር» አሉ ጋሼ ሚዛን አንገታቸውን ደፍተው።

«በምን?»

«በአመድ።»

ሰፊው መርፌውን ከአፉ አወጣ። «በላ! እጄ አመድ አፋሽ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ በእኔ ነው የተተረተው!» ብሎ ሲስቅ ጋሼ ሚዛንም ሳያስቡት ሳቁ። በርጩማም ተሰጣቸው።

ይህ ከሆነ አምስት ወር አለፈው። ግንዱ አሁን በየማታው በፈላ ውሃና በጨው ታጥቦ በጨርቅ ይደርቃል፤ እስካሁን አልተሰነጠቀም። ሱቁ ውስጥ የነበረው የቆየ ስብ ሽታ ጠፍቷል፤ ዝንቡም ቀንሷል፤ ገዢውም ይህን ሳይነግሩት አውቆታል። ደንበኛ ስብ የሌለው ምግቡን በቀን አራት ጊዜ ተመዝኖለት ይበላል፤ ወገብ አውጥቷል፤ በየወሩ ክሊኒክ ሄዶ ይታያል። ሐኪሟ «ሊያገረሽ ይችላልና አንዘናጋ» ትላለች፤ እስካሁን ግን አላገረሸበትም። ሰፊው ደግሞ ከሱሪ ቁራጭ ሰደርያ ሰፍቶለት ጀርባው ላይ በነጭ ክር «እባካችሁ ምንም አትስጡኝ» ብሎ ጽፎበታል።

ትናንት ሥጋ ልገዛ ስገባ ጋሼ ሚዛን ውሻውን ከመዳበሳቸው በፊት እስከ ክርናቸው በሳሙና ሲታጠቡ አገኘኋቸው።

«ዛሬስ ማንን ይጠረጥራሉ፣ ጋሼ?» ብዬ ቀለድኩ።

«መጀመሪያ ይቺን» አሉና ውሃ የሚንጠባጠብ ቀኝ እጃቸውን አሳዩኝ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ኮቴ ኪስ ወረደ። «ቀጥሎ እርስዎን። ኪስዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ብስኩት ነው። ለራሴ ነው የገዛሁት።»

«ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ብስኩቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ደንበኛ ከማይደርስበት፣ አስቀመጡትና ሥጋዬን መመዘን ጀመሩ፤ ትንፋሻቸውን ይዘው።