ስም ሳይወጣላቸው የተጻፉ ሕፃናት

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ የተከበራችሁ ሼኾቻችን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፤ ከሳጉሬና ከሲሬ በዚህ ጭቃ በእግርና በፈረስ የመጣችሁ ወገኖች፤ ፈጣሪ ሁላችንንም ያጽናን።

እኔ ኃይለየሱስ እባላለሁ። የጋለማ ሆስፒታል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ዛሬ የምንቀብራቸው ሲስተር ውድነሽ ወልደጻድቅ የአራስ ሕፃናት ክፍል ኃላፊያችን ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ንግግር አዋቂ አይደለሁም። የተነሣሁት ለማመስገን ብቻም አይደለም። ያጠፋሁት ጥፋት አለ፤ በፊታቸው ልናገረው ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እውነት ነው። ስም ያልወጣለትስ? ክርስቲያኑ ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን ክርስትና ያስነሣል። እስላሙ በሰባተኛው ቀን ስም ያወጣል። ከዚያ በፊት ያለው ሕፃን ማን ነው? በእኔ መዝገብ ማንም አልነበረም።

የ1961 ክረምት ነው። የዚያን ዓመት ብርድ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሲስተር ውድነሽ ቢሮዬ ገቡ።

«አቶ ኃይለየሱስ፣ ስንት በሽተኛ አለን?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሕፃናቱስ?»

«ስም የላቸውም እኮ፣ ሲስተር። ስም የሌለውን ምን ብዬ ልጻፍ?»

ያን ጊዜ ነርስ የሚመደብልን በመዝገቡ ቁጥር ልክ ነበር። ሕፃናቱ ስላልተቆጠሩ ነርስ አልተመደበላቸውም። የምትወልደውንም የሚያዩት እሳቸው፣ የተወለደውንም የሚያዩት እሳቸው። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። መዝገቤን አላበላሽም ብዬ ነው።

እጄን ይዘው ወደ ሕፃናቱ ክፍል ወሰዱኝ። ማዶ ምጥ የያዛት ሴት ትጮኻለች። «እዚህ ይቀመጡ፤ እነዚህን ይዩልኝ» ብለውኝ ሄዱ። ቆጠርኩ። ዘጠኝ። ስምንቱ ክፍሉን በለቅሶ ቀውጢ አደረጉት። ከአንዱ አልጋ ወደ አንዱ እሮጣለሁ፤ እሹሩሩ እላለሁ፤ ሰው አይቶ ይስቅብኝ ይሆን እያልኩ በሩን አያለሁ። ዘጠነኛው ዝም አለ። ተመስገን፣ አንዱስ ጨዋ ነው አልኩ።

ሲስተር ተመለሱ። ስምንቱን ዞር ብለው አላዩም። በቀጥታ ወደ ዝምተኛው። ከንፈሩ ጠቁሯል። አፉን ጠረጉለት። ጀርባውን አሹት። ውስጥ እግሩን በጣታቸው መታ አደረጉት። አንዴ። ሁለቴ። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ «አቤቱ፣ አቤቱ» እላለሁ። በሦስተኛው ጮኸ! ወገኖቼ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ብቻ አሉኝ፤ «የሚያለቅሰውማ ራሱ ይጠራዎታል። ዝም ላለው ማን ይጥራለት? ሰው የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።»

በዚያው ቀን መዝገቡን ገለጥኩ። ስም በሚጻፍበት ቦታ «የፋጡ ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። የሲሬዋ ፋጡ እዚያ ጥዱ ሥር ቆማለች። አጠገቧ ያለው ቀይ ሹራብ የለበሰው ከዲሮ ነው፤ ያ ዝምተኛ። ዛሬ እናቱ ዝም በል ብትለው እሺ አይላትም!

ሌሎቹንም በእናታቸው ስም ጽፌ፣ ሠላሳ አንድ ብዬ ቁጥሩን ወደ በላይ ላክሁ። ዘጠኙ በቀይ እርሳስ ተሰርዘው ተመለሱ። «ስም የሌለው አይቆጠርም» ይላል። የእኔው ቃል ነው። «እንደገና ይጻፉ» አሉኝ ሲስተር። እንደገና ጻፍኩ። እንደገና ተመለሰ። ስድስት ጊዜ ጻፍን።

ከዚያ አንድ ቀን ከበላይ አንድ ትልቅ ሰው ሊጎበኙን መጡ። ሠራተኛው ሁሉ ግቢ ውስጥ ተሰለፈ። ሲስተር ውድነሽ የሉም። ጥሯቸው ተባልኩ፤ ሄድኩ። «ተተኪ ይላኩልኝና እመጣለሁ» አሉ። ተተኪ ከየት ይምጣ? ይህንኑ ለትልቁ ሰው ነገርኳቸው። ፊታቸውን አጥቁረው ራሳቸው ተነሥተው ሄዱ። አለቀልን አልን።

በሩ ላይ ሲስተር ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? «ጌታዬ፣ ካፖርትዎን ያውልቁ። እጅዎን ይታጠቡ።»

አወለቁ። ታጠቡ። በሰባት ወሯ የተወለደች፣ በሙቅ ውሃ ጠርሙስ ተከብባ የምትሞቅ ልጅ አሳቀፏቸው። ከአንድ ዳቦ አትበልጥም። «ይቺን ይያዙልኝ፤ ሌሎቹን ልይ» አሏቸው። በመስኮት አይ ነበር። እኚያ ሰው የእሷን ትንፋሽ ሲጠብቁ የራሳቸውን ረስተውት ነበር።

ሲወጡ ወረቀት ጠየቁ። ሲስተር ቃሉን ተናገሩ፣ እኔ በታይፕ መታሁት፣ ትልቁ ሰው ፈረሙ፣ ማኅተም አረፈበት። ሁለት መስመር ነው። «ለአንድ ሠራተኛ ከአራት ሕፃን በላይ አይሰጥም። የሕፃናቱ ክፍል ለአንዲት ደቂቃም ያለ ሰው አይቀርም።»

እስቲ አስቡት። ሀብት የላቸው፣ ሹመት የላቸው፣ የሚመኩበት ዘመድ የላቸው። ከአንድ ክፍል ሳይወጡ ሕግ አወጡ! ለእኛ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ እሱም ቆጭቷቸው ነበር። ለአገሩ ሁሉ እንዲሆን ሦስት ደብዳቤ አጻፉኝ። መልስ አልመጣም። ሲስተር፣ አራተኛውን እኔ እጽፋለሁ።

ትናንት ልባቸው ቆመ ሲባል ግን ከለቅሶው ፍርሃቱ በረታብኝ። ያን ሁለት መስመር ያስከበሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከሌሉ ወረቀት ምን ያደርጋል? ዛሬ ጠዋት ሆስፒታሉ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደዚህ ሲነሣ፣ ልቤ አልችል ብሎኝ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ባዶውን አገኘዋለሁ ብዬ።

ሰኪናና ትርፌ ነበሩ። ሲስተር እንደ ልጅ ያሳደጓቸው ሁለቱ ነርሶች። ትርፌ አንዱን ሕፃን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ታስገሳዋለች። ሰኪና ዓይኗ አብጧል። «ኑ እንጂ፣ አስከሬኑ ሊወጣ ነው» አልኳት።

«አልመጣም» አለችኝ። «እነዚህን ጥዬ ብመጣ ሲስተር ይቆጡኛል።»

በአገራችን ቀብር የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እባካችሁ፣ ነገ እነዚህን ልጆች እንዳታሟቸው። ከእኛ ሁሉ ይልቅ የቀበሯቸው እነሱ ናቸው።

ሲስተር ውድነሽ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግልዎ። ዛሬ ሕፃናቱ ሰባት ናቸው። ሁሉንም ጽፌያቸዋለሁ። ክፍሉ ሰው አለው፤ ይረፉ።