ቀላድ ጣዩ ጋሼ ሙሉብርሃን ያወቁትና ያደረጉት

አባቶቼ ካህናት፣ የመቱ ሽማግሌዎች፣ በዚህ ጭቃ ከጎሬና ከኖፓ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ከሶር ወንዝ ማዶ የተሻገራችሁ ኦቦ ያደታና ጎረቤቶችዎ፤ እርስዎም እትዬ ሮማነወርቅ፣ ባለቤትዎን አፈር ሳናለብስ ጥቂት እንድናገር ስለፈቀዱልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ወንድይራድ ነኝ። ከጋሼ ሙሉብርሃን ጋር አሥራ አራት ዓመት ቀላድ እየጣልን መሬት ለክተናል። እሳቸው የገመዱን አንድ ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ከመቱ እስከ ኡካ ያልረገጥነው ማሳ የለም። ዛሬ ለማልቀስ አልቆምኩም። ማታውን አልቅሻለሁ። የቆምኩት ለማመስገን ነው።

ስለ ምን? ልንገራችሁ።

የዛሬ አምስት ዓመት ጎሬ ላይ አንድ ግሪክ ግንበኛ የድንጋይ መጋዘን ይሠራ ነበር። እንደ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ብለን፣ ሙሴ ስታማቲ እንለዋለን። ጋሼ ለሥራ ጎሬ በሄድን ቁጥር እሱን ቆመው ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን የግንቡን ማዕዘን በገመድ ሲለካ አገኙትና፣ «ቀጥ ማለቱ በዓይን ይታያል፤ ምን ያደክምሃል?» አሉት።

«ቀጥ ማለቱንማ አየሁ። ለምን ቀጥ እንዳለ ግን ዓይኔ አይነግረኝም» አላቸው።

የአገሩ የጥንት ፈላስፎች ማየትን ከማወቅ ይለዩ ነበር። ምክንያቱን ያልያዘ ሰው ገመተ እንጂ አላወቀም ይሉ ነበር። ደግሞም እነሱ የሚመረምሩት መስመር ስፋት የሌለው፣ ማንም በእጁ ሊያሰምረው የማይችል ነው። ይህን ሁሉ ሲነግራቸው ጋሼ ምሳ ረሱ። እኔንም አስረሱኝ።

ስንመለስ በቅሏቸውን አቁመው፣ «ወንድይራድ፣ ማንም ያላሰመረው መስመር የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ፤ እኔ ርቦኛል» አልኳቸው።

ሳቁ። ጥያቄውን ግን አልተዉትም። «እኛ ብንሞት፣ ሶርም ቢደርቅ፣ የዚያ መስመር እውነት አይጎድልም። እንግዲያስ በእጅ ከሚጨበጠው የበለጠ የጸና ነገር አለ ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው ጠሩኝ። ሁለት ረጅም፣ ሁለት አጭር እንጨት አምጥተው ጫፍ ለጫፍ በልጥ አስረዋል። እንደ መስኮት አራት ማዕዘን አድርገው መሬት ላይ አኖሩት። አንዱን ማዕዘን ገፋ አደረጉት። አዘመመ። ደግመው ገፉት። ጠበበ።

«ጎኖቹ አጠሩ?»

«አላጠሩም።»

«ውስጡስ?»

ውስጡ ሊያልቅ ምን ቀረው!

ወገኖቼ፣ እኛ መሬት ስንለካ ምን ነበር የምናደርገው? ረጅሙን ጎን በአጭሩ አባዝተን ስንት ጋሻ መሬት እንደሆነ መጻፍ ነው። ማዕዘኑን ማን አየ? የሶር ዳገት ማሳ ደግሞ ማዕዘኑ ያዘመመ ነው። የጋሼ ፊት ተለወጠ። «የያደታ መሬት!» አሉ። «ሩቡ የጎደለውን ሙሉ ጋሻ ብለን ጻፍንባቸው፤ በሌላቸው መሬት ይገብራሉ።»

ኦቦ ያደታ፣ ያን ጊዜ ምን ብለውን ነበር? «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አርሼዋለሁ፤ ይህን ያህል አይሆንም» አላሉንም? እኛስ? ገመዱን እያሳየን ሳቅንብዎት።

ጋሼ ወዲያው ተናገሩ? አልተናገሩም። ሦስት ወር ዝም አሉ። እትዬ ሮማነወርቅ ያውቃሉ፤ የቀረበላቸው ምግብ እንደቀረበ ይነሳ ነበር። በመጨረሻ ወደ ስታማቲ ሄዱ። እሱም እንዲህ አላቸው። «ከፈላስፎቹ አንዱ መልካሙን በእውነት ያወቀ ሰው ክፉ ሊያደርግ አይችልም ይል ነበር። ሌላው ደግሞ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ደግነት እንደ ግንበኝነት ነው፣ ካልሠሩት እጅ አይለምደውም ይል ነበር።»

ጋሼ መንገዱን ሙሉ አሰቡበት። መቱ ልንገባ ስንል፣ «የፊተኛው ልክ ከሆነ እኔ ገና አላወቅሁም። የኋለኛው ልክ ከሆነ ግን ነገውኑ መጀመር አለብኝ» አሉኝ።

ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ሲባረሩ እኔም እባረራለሁ። ልጆች አሉኝ» አልኩ።

«ስምህን አላነሳም» አሉኝ።

በማግሥቱ አለቃችን ሹሙ ከተቀመጡበት ፊት አራቱን እንጨት ይዘው ቆሙ። እየገፉ አሳዩ። «ጌታዬ፣ በአሥራ አንድ ሰው ላይ ያልያዘውን መሬት ጽፌበታለሁ። ስጽፍ አላወቅሁም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ዝም ያልኩት ሦስት ወር ግን ጥፋቴ ነው» አሉ።

ሹሙ ተቆጡ። «የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዘው ማን ነበር?» አሉ።

ማን ነበር? እኔ እዚያው ከሰዎቹ ኋላ ቆሜያለሁ። ጋሼ ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም። «የለካሁት እኔ ነኝ» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። እሳቸው ተባረሩ። እኔ ሥራዬ ላይ ቀረሁ። ዓመት ሙሉ እትዬ ሮማነወርቅ ጥጥ እየፈተሉ ቤቱን አኖሩት።

ይኸው ዛሬ በፊታችሁ እናገራለሁ። የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ከዓመት በኋላ መሬቱ እንደገና ይለካ የሚል ትእዛዝ መጣ። ለካ ተባልኩ። እንዴት እንደሚለካ አላውቅም! ወደ ቤታቸው ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ ይቅርታ ልጠይቅ ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ገመድ አምጥተሃል?» አሉኝ።

ይኸው ነው። ገመዱን በሦስት፣ በአራትና በአምስት ክንድ እየቋጠሩ ቀጥ ያለ ማዕዘን ማውጣት፣ የማሳውንም ስፋት በዘመመው ጎን ሳይሆን በዚያ ቀጥታ መለካት አስተማሩኝ። ምክንያቱንም እስኪገባኝ አስረዱኝ። ያለ ደሞዝ ዳገቱን አብረውኝ ወጡ። አሥራ አንዱንም ማሳ ለካን። በየማሳው ባለቤቱን ይቅርታ ይጠይቃሉ። በመጀመሪያው ማሳ ሁለት ጊዜ ጀምረው አቋረጡት። በአሥራ አንደኛው እንደ ሰላምታ ቀለላቸው። «አየህ፣ ለመድኩት» አሉኝ።

ኦቦ ያደታ እጃቸውን ይዘው «ገለቶማ» ብለው አመሰገኗቸው። ጋሼም፣ «እኔ ነኝ የማመሰግንዎ፤ ከኔ አስቀድመው ያወቁት እርስዎ ነበሩ» አሏቸው።

በዚህ ክረምት ንዳድ ጣላቸው። ባለፈው ሐሙስ ልጠይቃቸው ገባሁ። «ጋሼ፣ ይፈራሉ?» አልኳቸው። «ትንሽ እፈራለሁ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ስደርስ የምጠይቀው ብዙ ነገር አለኝ» ብለው ፈገግ አሉ።

ጋሼ ሙሉብርሃን፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ስሜን ስላላነሱ አመሰግናለሁ። ያልተናገርኩትን ይቅርታ ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። ድሮ ፈሪ ነበርኩ። ዛሬም ፈሪ ነኝ። ግን ተናገርኩ።

በሉ ይሂዱ ጋሼ። የሚጠይቁትን ሁሉ አምላክ ይመልስልዎ።