የቀሩትን በሽተኞች የጠየቁት ሐኪም

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን በሹክሹክታ የሚነገር ነገር ስለማይወዱ፣ ዜና ሕይወታቸው ከፍ ባለ ድምፅ ይነበብላቸዋል።

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ገና አፍ ሲፈቱ ሰውን ሁሉ «ለምን?» እያሉ ስለሚያደርቁት፣ ጎረቤቱ «እሜቴ ለምን» የሚል ስም አወጣላቸው። ትምህርታቸውን በብልጫ ፈጽመው ሐኪም ሆኑ፤ አብረዋቸው የተማሩትንም ሐኪም አግብተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ሥራቸው በከተማዋ ጤና ጣቢያዎች የታከመው ሰው በእርግጥ ተሽሎት እንደሆነ መመዘን ነበር። በደም ግፊትና በስኳር ሕክምና በየዓመቱ አንደኛ የሚወጣው ደግሞ ባለቤታቸው የሚመሩት ጣቢያ ነበር። ጣቢያው ቀጠሮ ያሳለፈን ሰው ካርድ ከመደርደሪያ አውጥቶ ከቆጠራው ያስቀር ነበርና፣ የሚመዘነው የመጣው ብቻ መሆኑን አይተው «የቀረውስ የት ገባ?» ብለው ተነሡ። በየሠፈሩ ደረጃ እየወጡ፣ በር እያንኳኩ የጠፉትን ሲያፈላልጉ፣ አንዱን መድኃኒቱን ትቶ፣ ሌላውን አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ከአልጋ ውሎ አገኙት። የጠፉት ሲቆጠሩ የባለቤታቸው ጣቢያ ከራስ ወደ ጅራት ወረደ።

ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ «አንቺ ልጅ፣ የገዛ ባልሽን አደባባይ ታሰጪዋለሽ? ሰው ገበናውን ይሸፍናል» ቢላቸው፣ «የእሱን ገበና እኔ ልሸፍን፤ አልጋ ላይ የወደቀውን ሰውዬ ማን ይሸፍንልኛል?» ብለው መለሱ። ባለቤታቸው አኩርፈው ከረሙ፤ ገበታ ላይ ጨው እንኳ የሚጠይቁት በልጃቸው በኩል ነበር። ኋላ ግን አንድ ማለዳ ጫማቸውን አጥልቀው ሚስታቸውን ተከትለው ወጡ። በመጀመሪያው ቤት ያገኙት አናጺ፣ «ጣቢያው ሲከፈት እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ እኔ ስወጣ እሱ ተዘግቷል፤ ታዲያ በሕልሜ ልምጣ?» አላቸው። ከዚያ ወዲህ የጣቢያው በር ጎሕ ሲቀድ ይከፈት ጀመር፤ የጠፉትም እያደር ተመለሱ። ጣቢያው ዳግመኛ አንደኛ ባይወጣም፣ ሦስተኛ በወጣበት ዓመት ባልና ሚስቱ ሠርጉን እንደደገመ ሰው ሲስቁ ከረሙ።

ጉበታቸው ታሞ በተኙ ጊዜ፣ አካሚዎቻቸው «ደህና ነው፣ ለውጥ አለ» እያሉ ቢያባብሏቸው አላመኑም። ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «አንተ ንገረኝ፤ መድኃኒቱ ሠርቷል?» አሏቸው። እኒያ በእውነት የተነሣ አኩርፈው የከረሙ ሰው እጃቸውን ይዘው፣ «አልሠራም፣ የኔ ዓለም» አሉ። እሳቸውም «ተባረክ» ብለው ልጆቻቸውን አስጠሩ፤ ለእያንዳንዱ የሚሉትን ብለው፣ በሆዳቸው ያስቀሩት ሳይኖር አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውንና በየማለዳው ወደ ጣቢያው የሚመጡትን በሽተኞች ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑር፤ ለኛም በጭንቃችን ቀን እውነቱን የሚነግረን ሰው አያሳጣን። አሜን።