ከኋላ የሚዘጋው ልብስ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ያን ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ ማለታቸው አጋጣሚ ነው። የልጅ ልጃቸውን ዘወትር የምትመልሳት እናቷ ነበረች፤ ያን ዕለት ግን መሥሪያ ቤቷ ድንገተኛ ስብሰባ ጠርቶ ያዛትና አባቷን ለመነች። ልመናም አያስፈልግም ነበር። እሳቸው ለዚህች የስምንት ዓመት ልጅ ሲሉ የጀመሩትን ኮት በእንጥልጥል ትተው ሱቃቸውን ለመዝጋት ሰበብ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደረሱ።

ዘበኛው በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ክፍል አሳያቸው። በሩ ገርበብ ብሏል። በዚያ ክፍተት ያዩት ነገር ደማቸውን አፈላው። «እመቤቴ» እያሉ የሚጠሯት ልጅ የመጫወቻ ጭቃና የልብስ መቆንጠጫ በተበተነበት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ የትልቅ ሰው ሹራብ ደርባ፣ ከአንድ ቁልፍ ጋር ትታገላለች። ቀኝ እጇ ከልደቷ ጀምሮ የደከመ ነው፤ ጣቶቿ ቶሎ አይታዘዟትም። ቁልፉ ገባ ሲባል ይወጣል፣ ተያዘ ሲባል ያመልጣል። ከፊቷ ደግሞ ሁለት ጤነኛ እጆች ያሏት አንዲት ወጣት ሴት እጆቿን አጣጥፋ ታያለች። ልጅቷ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ስትለፋ ሴትየዋ ንቅንቅ አላለችም።

ሽማግሌው አላስቻላቸውም። ሰላምታም ሳይሰጡ ገብተው፣ ጉልበታቸው ቀጭ እያለ ተንበርክከው፣ ቁልፉን በአንድ ትንፋሽ ከቦታው አስገቡት።

«አባባ፣ ልጨርሰው ነበር እኮ» አለች ልጅቷ፤ ፊቷም ጨለመ። እሳቸው ግን ፊቷን አላዩም፤ ዐይናቸው ሴትየዋ ላይ ነበር።

ሴትየዋ የትምህርት ቤቱ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ናት። ስሙ ይርዘም እንጂ ሥራው ግልጽ ነው። አካላቸው ወይም አእምሯቸው ልዩ ድጋፍ የሚፈልግ ልጆች መልበስን፣ መብላትን፣ መታጠብን፣ እርሳስ መያዝን በራሳቸው እንዲወጡት ታለማምዳለች። ልጅቷን ከክፍሉ ረዳት ጋር ወደ ግቢ ላከችና ለሽማግሌው ወንበር ሳበችላቸው። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ወንበር ሁሉ የልጅ ስለሆነ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ሕፃን ሲቸገር ቁጭ ብሎ ማየት የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ እንዴ?»

«አለ አባባ። አራት ዓመት ተማርኩበት። ከትምህርቱ ሁሉ የከበደኝም እሱ ነው። እጄን የማጣጥፈው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ሳቃቸው ሊመጣ ሲል ዋጡት። ከዚያ የሆዳቸውን ተናገሩ። የልጅቷ እጅ ቢደክምም ጭንቅላቷ ብሩህ እንደሆነ፣ ይህ በጭቃና በልብስ መቆንጠጫ የሚባክን ሰዓት ለንባብ እንዲሰጣት እንደሚፈልጉ፣ ነገውኑ ለርእሰ መምህሩ እንደሚያመለክቱ አስረዱ። ለቁልፉማ እሳቸው አሉላት።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከአንድ ወር በኋላ መምህራኑ ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ላይኛው ፎቅ ክፍል ትዛወር ወይስ እዚሁ ትቅር ብለው ይወስናሉ። ከላይ ረዳት የለም። የሚዛወር ልጅ ልብሱን ራሱ መፍታትና መቆለፍ፣ መጸዳጃ ቤት ብቻውን ደርሶ መመለስ አለበት። ሽማግሌው ስለ ዝውውሩ ያውቁ ነበር፤ ልጅቷም ሌሊት በሕልሟ ሳይቀር የምታወራው ስለ እሱ ነው። ዝውውሩ በንባብ የሚገኝ መስሏቸው ነበር እንጂ።

«ይህን የደንብ ልብሷን የሰፉት እርስዎ ነዎት?» አለች ቴራፒስቷ።

የሽማግሌው ፊት ፈካ። አዎ፣ የእሳቸው እጅ ነው። ሸሚዙን ከሱሪው ጋር አያይዘው ሰፍተውታል፤ ስለዚህ የትም ብትሮጥ ሸሚዟ ከሱሪዋ አይወጣም። ከፊት የተደረደሩት ቁልፎች ለዐይን ብቻ ናቸው። መክፈቻው ከኋላ ነው፤ ከአንገቷ እስከ ወገቧ አሥራ ሁለት መንጠቆ። ጠዋት ጠዋት እሳቸው አቁመው ይቆልፉላታል። ማንም ሰው እጇ ደካማ መሆኑን ከልብሷ አያውቅም፤ በሰፈሩ እንደሷ የጸዳች ልጅ የለችም።

እዚህ ላይ በሽማግሌው ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ቢኖር ይታገሥ። ያን ልብስ ለመስፋት ስድስት ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ እያንዳንዱን መንጠቆ ቆዳዋን እንዳይነካት በሐር ጨርቅ ሸፍነውታል። ሲሳሳቱ እንኳ በፍቅር ነው የተሳሳቱት፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ደግሞ ሰው ስሕተት መሆኑን ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርስበታል።

«ይህን የመሰለ ስፌት አይቼ አላውቅም» አለች ቴራፒስቷ ከልቧ። «ግን አባባ፣ ይህን የለበሰ ሰው ብቻውን መጸዳጃ ቤት እንዴት ይገባል?»

«ረዳቷ አለች አይደል?»

«አለች። ልጅቷ ግን አትጠራትም። የውሃ ኮዳዋ ቤት ሲመለስ እንዴት ሆኖ ነው የሚመለሰው?»

«እንደሞላ ነው። ውሃ አትወድም።»

«ቅዳሜና እሑድስ?»

ሽማግሌው የቤቱን ውሎ አሰቡ። ቅዳሜና እሑድ ልጅቷ ቤት ውስጥ ሰፊ ቢጃማ ለብሳ ትውላለች፤ ውሃም ብርጭቆ በብርጭቆ ትጠጣለች።

«እዚህ የማትጠጣው፣ ከጠጣች መሄድ ስላለባት ነው። ከሄደች ደግሞ ጓደኞቿ እያዩ ጀርባዋን ሰው ሊከፍትላት ነው። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ጥሟንም ሽንቷንም ችላ ትውላለች። ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ የምትለውም ለዚህ ይመስለኛል።»

ሽማግሌው ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም፤ መክፈቻውን ወደ ፊት እንደሚያዞሩትና በመንጠቆው ፋንታ የሚጣበቅ ጨርቅ እንደሚያደርጉበት ነገሯት።

«ጣቱ ጨርሶ ለማይሠራ ልጅ እኔው ራሴ እንደዚያ አሰፋለሁ፤ ነውር የለውም» አለች። «የእሷ ጣቶች ግን ይዘገያሉ እንጂ ይችላሉ። ጉልበት የሚሰጣቸውም ያ የሚናቀው ጭቃና መቆንጠጫ ነው፤ እርሳሱንም የምትይዘው በእነዚሁ ጣቶች ነው። ለመሆኑ እርስዎ ስንት ለማጅ አስተምረዋል?»

«አሥራ አንድ» አሉ ሽማግሌው፤ ለዚህ ጥያቄ መልሳቸው ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። «ሁሉም ዛሬ የራሳቸው የስፌት መኪና አላቸው። የእኔ ልማድ አንድ ነው። ስፌቱ ሲጣመምበት አልነካለትም፤ ፍታና እንደገና ስፋ እለዋለሁ። አልቅሶ የሰፋም አለ። እኔ ከሰፋሁለትማ እሱ መቼ...»

ቴራፒስቷም ጨርሱ አላለቻቸውም፤ ይህ ጨዋነቷ ከክርክሯ ሁሉ በላይ ሠራ።

«ሰባ አራት ዓመቴ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እኔ ስሞት ማን ይቆልፍላታል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣኛል። ያ ሐሳብ በመጣ ቁጥር አንድ መንጠቆ እጨምራለሁ።»

ቴራፒስቷ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ጥፋቱ የእሷም መሆኑን ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ለእናቲቱ ሁለት ጊዜ ወረቀት ልካለች፣ እናቲቱ ደግሞ የአባቷን ልብ መስበር ፈርታ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ አስቀርታዋለች። ቴራፒስቷ ራሷ ቤት ድረስ ሄዳ ከልብስ ሰፊው ጋር መነጋገር ነበረባት።

በማግሥቱ ሽማግሌው አሥራ ሁለቱን መንጠቆ በምላጭ ፈቱ። ሸሚዙን ከሱሪው ለዩ፤ ለሱሪው ላስቲክ፣ ለሸሚዙ የእውነት ቁልፍ አደረጉለት። ሲሰፉም ብልሃት ጨመሩበት፤ የቁልፎቹን አንገት በክር ጠምጥመው ረዘም አደረጉት፣ ቁልፉ ከጨርቁ ከፍ ብሎ ለጣት እንዲመች። ቴራፒስቷ ይህን ስታይ ተደነቀች፤ ለሌሎቹ ልጆችም እንዲህ እንዲሠሩላት ለመነቻቸው፣ እሳቸውም ሰባት ሸሚዝ ሠሩ።

ቤት ውስጥ ያለው ጠዋት ግን ጉድ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሸሚዙ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። እናት ሰዓቷን እያየች ትንቆራጠጣለች፤ ልጅ ታለቅሳለች፤ ሽማግሌው እጃቸው እየበላቸው ጓሮ ወጥተው የተወለወለ ጫማ እንደገና ይወለውላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃ ሆነ፣ በሦስተኛው አሥራ ሁለት። ሁሉም ግማሽ ሰዓት ቀድመው መነሣትን ለመዱ።

ጥቅሙ ቶሎ ታየ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ውሃ መጠጣት ጀመረች፤ የከሰዓት በኋላው ራስ ምታት ተዋት፤ ራሷን ሲተዋት ንባቧም ሽማግሌው ከተመኙት በላይ ገፋ። በዕረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፋ ትቆም የነበረችው ልጅ ከሌሎቹ ጋር ትሮጥ ጀመር። መምህራኑ ተሰብስበው ትዛወር አሉ።

ወደ ላይኛው ፎቅ በምትወጣበት ጠዋት በሯን ዘግታ ለብሳ ወጣች። ሽማግሌው አዩዋት። ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ የአራተኛው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፤ የሸሚዙ አንዱ ጫፍ ከሌላው በሁለት ጣት ይረዝማል። ሃምሳ ዓመት ጨርቅ ላይ የኖረ ዐይናቸው ታመመ። ቢሆንም ኮፍያቸውን አደረጉና በግራ እጃቸው ደካማ እጇን ይዘው ወጡ።

መንገድ ላይ የቆየ ደንበኛቸው አገኛቸው። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አይቶ ሳቀና «ምነው ልብስ ሰፊው፣ ዛሬ ዐይንዎ ደከመ መሰል? ይህቺን ልጅ እንዲህ አጣሞ የቆለፋት ማነው?» አለ።

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙ። በዚያ መንገድ ለብዙ ሙሽራና ለብዙ ሹም ልብስ ሰፍተው ተመስግነዋል፤ እንዲህ ኮርተው ግን አያውቁም።

«እሷው ናት» አሉ። «ማንም አልነካላትም።»