ቤንዚን የጠጣ ድምፅ

አቶ ገብረሰንበት ገርጂ ካለው ግቢያቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ የሞተር መጋዛቸውን ካርቡራቶር ፈትተው፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ በአፋቸው ይመጥጣሉ። በዚያ በኩል ስታልፍ የነበረችው ሰኪና ክው ብላ ቀረች። የጎረቤታቸው የሐጂ ሙራድ ልጅ ናት፤ የሞተር ጥገና ተምራ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ትሠራለች፤ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ መግባቷ ነበር።

“ውይ ጋሼ! ቤንዚን እኮ ነው!”

“ታዲያ ጠላ መሰለሽ?” አሉ እንትፍ ብለው አፋቸውን እየጠረጉ። “በሰጋቱራ ተደፍኖ አልነሳ ብሎኝ ነው። ባሕር ዛፍ መቁረጥ ከጀመርኩ አንስቶ በአፌ ነው የማጠራው። ምን ሆንኩ?”

“ወደ ውስጥስ አይገባም?”

“ትንሽ ትንሽ ይገባል፤ ወተት ያጥበዋል። ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ባለቤቴ ገንዘቤ ተልባ እየመታችልኝ ነው።”

ጉድ በሉ! እኚህ ሰው እኮ ሞኝ አይደሉም። ከሃያ ሁለት እስከ ኮተቤ ቤት ላይ ያዘመመ ዛፍ ያለው ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ብቻ ሥራውን ካስተማራቸው ሰው ያዩትን መጠየቅ ነውር ይመስላቸዋል።

“ጋሼ፣ ተልባ የሚወርደው ወደ ሆድ ነው። የቤንዚኑ ትነት ግን የሚገባው ሳንባ ነው። ሳንባ ደግሞ በተልባ አይታጠብም።”

“ሜካኒኩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ልጄ።”

“ሜካኒኩ ሁሉስ አያስልም?”

“ሳሉ የብርድ ነው!” አሉና በዚያው ሳል ያዛቸው። ሲያልፍላቸው ሰኪና ቀጠለች።

“እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎ። ልጅ ሳለሁ ከአጥሩ ወዲያ ሲያዜሙ ነበር የምነቃው። አባቴ እንኳ ‘የገብረሰንበትን ድምፅ አላህ ይጠብቅለት’ ይላል። እስቲ ትንሽ ያሰሙኝ።”

አቶ ገብረሰንበት ፈገግ አሉ። ማኅሌት ላይ ድምፃቸው የሚጠበቅ ሰው ናቸው፤ ኅዳር ሚካኤልም ደርሷል። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ዝቅተኛው ዜማ ወጣ። ከፍ ሊያደርጉት ሲሉ ሲጥ ብሎ ተቆረጠ። ደገሙት፤ ያው ነው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ወይዘሮ ገንዘቤ ተልባውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። “እኔስ ካምና ጀምሮ ሰምቼዋለሁ” አሉ በቀስታ። “ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እንዳታዝን ብለን ነው።”

በስመ አብ! አምና ሙሉ ሰው እያዘነላቸው ሲያዜሙ ኖረዋል! አቶ ገብረሰንበት ካርቡራቶሩን ከእጃቸው ጣሉት።

“ይመለሳል?” አሏት ሰኪናን።

“እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። መምጠጡን ግን አሁኑኑ ይተዉ።”

ከቤቷ የብስክሌት ፖምፓና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አመጣች። ካርቡራቶሩን በብሩሽ አጥባ ቀዳዳዋን በፖምፓ ነፋችው። እሳቸው መርፌ ሊያቀብሏት ሲሉ፣ “አይጎርጉሩት ጋሼ፤ ቀዳዳው ይሰፋና ቤንዚን ይበላል” አለች። “የአየር ማጣሪያውስ የታል?”

“ሞተሩን ያፍነዋል ብዬ አውጥቼ ጣልኩት።”

“ሰጋቱራው ታዲያ በየት የገባ መሰለዎት?”

ማጣሪያው ተፈልጎ ተገኘ፤ ታጥቦ ደርቆ ተገጠመ፤ መጋዙም በአንድ ጊዜ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ማጣሪያውን በየሳምንቱ ስለሚያጥቡት ካርቡራቶሩ ቶሎ አይደፈንም፤ ቢደፈንም ፖምፓው አለ። ሳሉ ለቋቸዋል። ዝቅተኛው ዜማ ጠራ፤ ከፍተኛው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በማኅሌት እዚያ ሲደርሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሌሎቹን ይሰማሉ።

አንድ ቀን ኮተቤ ጣውላ ቤት ውስጥ፣ የሥራ ባልደረባቸው ደጀኔ ካርቡራቶር ወደ አፉ ሲያስጠጋ አዩት። ደጀኔ ሠርግ ቤት ሲዘፍን የሚወደድ ሰው ነው። ሮጠው እጁን ያዙት።

“ምነው ጋሼ?” አለ ደንግጦ።

“ምንም” አሉት፣ ካርቡራቶሩን ቀምተው ፖምፓውን እያስጨበጡት። “መጀመሪያ እስቲ ዝፈንልኝ።”